መርከቧ ለመዞር ስንት ሰከንድ ነበራት? — የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ካወጣነው ጽሑፍ በኋላ ብዙ ደብዳቤ ደርሶናል። አብዛኛው የሚያጠነጥነው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አብራሪዎች በባሕር ላይ የምትጓዝን መርከብ እንዴት ይመቱ ነበር? ተመሳሳዮቹን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገን መልሰናል። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ አሜሪካኖች በ1921 ኦስትፍሪስላንድ የተባለችውን የጀርመን የጦር መርከብ ከአየር በተጣለ ቦምብ አስጥመው አሳይተዋል። ታዲያ ከ20 ዓመት በኋላ ከከፍታ ላይ ጥሎ መመለስ ሲቻል አብራሪዎቹ ለምን ዝቅ ብለው ለጥይት ተጋለጡ?

መልስ፦ ኦስትፍሪስላንድ መልሕቋን ጥላ የቆመች፣ ሰው የሌለባት፣ የማትተኩስ መርከብ ነበረች። የምትሄድ መርከብ ሌላ ነገር ናት። ከ6,000 ሜትር የተለቀቀ ቦምብ ባሕሩ ላይ እስኪደርስ 35 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በ30 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትሮጥ መርከብ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ500 ሜትር በላይ ትሄዳለች። አነጣጣሪው ፍጥነቷንና አቅጣጫዋን በትክክል ቢገምት እንኳ ካፒቴኑ በመነጽር ቀና ብሎ እያየ ነው። ቦምቦቹ ሲለቀቁ ካየ መሪውን ወደ አንድ ጎን ሙሉ በሙሉ ያስዞራል፤ ቦምቦቹም ባዶ ባሕር ላይ ይወድቃሉ። ሰኔ 1942 በፓስፊክ ውቅያኖስ ሚድዌይ ደሴት አጠገብ በተደረገው ውጊያ የአሜሪካ ቢ-17 ቦምብ ጣዮች በጃፓን አውሮፕላን ተሸካሚዎች ላይ ከከፍታ ጥለው አንዷንም አልመቱም።

ከከፍታ መጣል የሚያዋጣው መርከቧ ከቆመች ነው። ጃፓኖች ባጠቁት የአሜሪካ ወደብ ፐርል ሃርበር ላይ አሪዞና የተባለችውን የጦር መርከብ ያጋያት ከ3,000 ሜትር ገደማ የተጣለ 800 ኪሎ ግራም ቦምብ ነው፤ የተሠራውም ከከባድ የጦር መርከብ መድፍ ጥይት ተስተካክሎ ነው። ከፍታው ቦምቡ የብረት ጥሩሩን የሚበሳበትን ፍጥነት ይሰጠዋል፤ ዒላማዋ ደግሞ ወደብ ውስጥ ታስራለች። ጀርመኖች የሰከንዱን ችግር በሌላ መንገድ ፈቱት። መስከረም 9 ቀን 1943 ሮማ የተባለችውን የጣሊያን መርከብ ሲያሰጥሙ ፍሪትዝ ኤክስ የተባለውን ቦምብ ከለቀቁም በኋላ በሬዲዮ ይመሩት ነበር። መርከቧ ብትዞር ቦምቡም አብሮ ይዞራል። የቀረው የባሕር ላይ የአየር ውጊያ ታሪክ ግን ካፒቴኑ እጅ ያሉትን ሰከንዶች የመቀነስ ትግል ነው፤ ከዚህ በታች ያሉትን መልሶች ስታነቡ ይህን ያዙልን።

ጥያቄ፦ እንደ ጭልፊት ቁልቁል ተወርውሮ ቦምብ የሚጥለው አብራሪ ከመነሻ እስከ መጨረሻ ምን ምን ያደርጋል? የሚሳሳተውስ የት ላይ ነው?

መልስ፦ ዳውንትለስ የተባለውን የአሜሪካ ተወርዋሪ ቦምብ ጣይ እንውሰድ። የሚይዘው ሁለት ሰው ነው፤ ከፊት አብራሪው፣ ከኋላ ደግሞ ጀርባውን ለአብራሪው ሰጥቶ የተቀመጠው የሬዲዮ ሠራተኛና ተኳሽ። ከሆዱ ስር 227 ወይም 454 ኪሎ ግራም የሚመዝን ቦምብ ይንጠለጠላል። ጓዱ፣ ማለትም አብረው የሚበሩት አውሮፕላኖች ቡድን፣ ከ4,500 እስከ 6,000 ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ ይቀርባል። መሪው ፀሐይን ከጀርባው ለማድረግ ይሞክራል፤ ሁለተኛው ፍላጎቱ በመርከቧ ቁመት አቅጣጫ ለመውረድ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የቁልቁለቱ ማዕዘን ጥቂት ከተዛባ ቦምቡ ያጥራል ወይም ያልፋል፤ ወደ ጎን የሚስተው ያነሰ ነው። አውሮፕላን ተሸካሚዋ ደግሞ ቁመቷ 250 ሜትር ገደማ፣ ወርዷ ግን 30 ሜትር ገደማ ነው። በቁመቷ የወረደ ሰው ለስህተቱ ሰፊ ቦታ አለው።

ከዚያ አብራሪው ሞተሩን ቀንሶ በክንፎቹ የኋላ ጠርዝ ላይ ያሉትን ማገጃዎች ይከፍታል። የዳውንትለስ ማገጃዎች ከላይና ከታች ለሁለት ይከፈላሉ፤ ወንፊት ይመስል ተበሳስተዋል። ቀዳዳዎቹ ባይኖሩ የሚተራመሰው አየር ጭራውን እያንቀጠቀጠ ማነጣጠር አያስችልም ነበር። ማገጃ የሌለው አውሮፕላን ቁልቁል ሲወርድ ፍጥነቱ እየናረ ይሄዳል፤ ዳውንትለስ ግን 240 ኖት አካባቢ ላይ ይረጋል። የቁልቁለቱ ማዕዘን 70 ዲግሪ ነው። ከውጭ ለሚያይ ሰው 70 ዲግሪ ይባል እንጂ አብራሪው ማሰሪያው ላይ ተንጠልጥሎ ቀጥ ብሎ የሚወድቅ ነው የሚመስለው። ቁልቁለቱ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይቆያል።

በዚያ ግማሽ ደቂቃ ዓይኑ ያለው በፊት መስታወቱ ውስጥ ባለፈ ረዥም የማነጣጠሪያ ቱቦ ላይ ነው። በቱቦው ውስጥ የመስቀል ምልክት፣ ከግርጌው ደግሞ በጎበጠች ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ የምትንከባለል ኳስ ትታያለች። ዋናዋ ነገር ይህች ኳስ ናት። መሐል ላይ ከሌለች አውሮፕላኑ ወደ ጎን እየተንሸራተተ ነው፤ መስቀሉ መርከቧ ላይ ቢያርፍም ቦምቡ ወደተንሸራተተበት ይሄዳል። ፍጥነት ሲጨምር አፍንጫው ወደ ጎን መሳብ ስለሚወድ አብራሪው ኳሷን መሐል ለማቆየት እስከ መጨረሻው በእግሩ እያስተካከለ ይወርዳል። ነፋሱንም አስቦ ከመርከቧ ፊት እንጂ በራሷ ላይ አያነጣጥርም።

500 ሜትር አካባቢ ሲደርስ ይለቃል። ቦምቡ በቀጥታ አይወድቅም፤ ሹካ መሰል ክንድ ወደ ፊትና ወደ ታች ወርውሮ ከፕሮፔለሩ ክብ ያወጣዋል። ክንዱ ባይኖር ቁልቁል በሚወርድ አውሮፕላን ላይ ቦምቡ ከገዛ ፕሮፔለሩ ጋር ይጋጭ ነበር። ከዚያች ነጥብ እስከ መርከቧ ወለል 4 ሰከንድ አይሞላም። በ30 ኖት የምትሮጥ መርከብ በዚያ ጊዜ የምትሄደው 60 ሜትር እንኳ አይደርስም። ይህን ቁጥር ከላይ ካለው 500 ሜትር ጋር አስተያዩት፤ ሥልቱ ለምን እንደተፈለገ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ወደ ስህተቶቹ እንምጣ። አንደኛው ጭጋግ ነው። ከላይ ቀዝቅዞ የመጣ መስታወት ዝቅ ብሎ ሞቃትና እርጥብ አየር ሲያገኝ ላብ ይለብሳል፤ ግንቦት 1942 በኮራል ባሕር ውጊያ ብዙ አብራሪዎች ልክ ማነጣጠር ያለባቸው ጊዜ ላይ ማነጣጠሪያው ነጭ ሆነባቸው። ሁለተኛው በዒላማው ተመስጦ መልቀቂያውን ማሳለፍ ነው፤ ቦምቡ ይመታ ይሆናል፣ አውሮፕላኑን ከባሕሩ ለማቅናት የሚበቃ ከፍታ ግን አይቀርም። ሦስተኛው ካቀና በኋላ ማገጃዎቹን ሳይዘጉ መቅረት ነው፤ አውሮፕላኑ ይንቀራፈፋል፣ ተኳሾችም ያገኙታል። አንዳንዴ ጥፋቱ የሰው አይደለም። ሚድዌይ ላይ ዮርክታውን ከተባለችው የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ የተነሳው ተወርዋሪ ጓድ መሪ ማክስ ሌዝሊ ቦምቡን ለማዘጋጀት አዲሱን የኤሌክትሪክ ማብሪያ ሲነካ ቦምቡ እዚያው ወደቀ። የሌሎች ሦስት አውሮፕላኖች ቦምብም እንዲሁ ባሕር ላይ ቀረ። ሌዝሊ ግን ባዶ እጁን ጓዱን መርቶ ወረደ፤ በመትረየሱም ተኮሰ።

ሥልቱ በጦርነቱ መጀመሪያ ላይ ራሱን ያስመሰከረው በእንግሊዞች እጅ ነው። ሚያዝያ 10 ቀን 1940 ከኦርክኒ ደሴቶች የተነሱ 16 ስኩዋ አውሮፕላኖች በርገን ወደብ ላይ ኮኒግስበርግ የተባለችውን የጀርመን ክሩዘር (መካከለኛ የጦር መርከብ) አሰጠሙ።

ጥያቄ፦ ቶርፔዶ የጫነ አውሮፕላን ለምን ያን ያህል ዝቅና ቀስ ብሎ ይበር ነበር? ታራንቶና ፐርል ሃርበርን በመሰለ ጥልቀት የሌለው ወደብ ውስጥስ እንዴት ተሳካ?

መልስ፦ ቶርፔዶ ራሱን የሚነዳ ትንሽ የውኃ ውስጥ መርከብ ነው። ሞተር፣ የጥልቀት መቆጣጠሪያና አቅጣጫ የሚጠብቅ ጋይሮስኮፕ አለው፤ ክብደቱም እንደ ዓይነቱ ከ700 እስከ 1,000 ኪሎ ግራም ይሆናል። ይህን የመሰለ ረቂቅ ዕቃ በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትሮች እየበረሩ ባሕር ላይ መወርወር ነው ችግሩ። ሁሉም ነገር የሚወሰነው ውኃውን በሚመታበት ማዕዘን ነው። ከ15 ሜትር ከፍታ በ110 ኖት ፍጥነት የተለቀቀ ቶርፔዶ በ17 ዲግሪ ገደማ ይገባል፤ ይህ ደህና ነው። በዚያው ከፍታ ፍጥነቱን 250 ኖት ብታደርሱት ማዕዘኑ ወደ 8 ዲግሪ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ጠፍጣፋ ድንጋይ ውኃ ላይ እንደሚነጥር ይነጥራል። በ110 ኖት ከ100 ሜትር ብትለቁት ደግሞ ማዕዘኑ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል፤ አፍንጫውን ደፍቶ ወደ ጥልቁ ይሰምጣል። ዝቅና ቀስ ማለት ምርጫ ሳይሆን የዕቃው ግዴታ ነበር።

በተለመደው አጣጣል ቶርፔዶው ሚዛኑን አግኝቶ ወደ ላይ ከመመለሱ በፊት 30 ሜትርና ከዚያም በላይ ሊጠልቅ ይችላል። የታራንቶና የፐርል ሃርበር ጥልቀት ግን 12 ሜትር ገደማ ነው። እንግሊዞች መፍትሔውን በሽቦ አገኙት። ሶርድፊሽ በተባለው የቶርፔዶ አውሮፕላናቸው አፍንጫ ስር በከበሮ ላይ የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ ከቶርፔዶው ጫፍ ጋር ይያያዛል፤ ቶርፔዶው ሲወድቅ ሽቦው አፍንጫውን ቀና አድርጎ ይይዘዋል፣ ቶርፔዶውም በሆዱ ያርፋል። ኅዳር 11 ቀን 1940 ሌሊት ኢላስትሪየስ ከተባለችው አውሮፕላን ተሸካሚ የተነሱ 21 ሶርድፊሾች፣ 11ዱ ቶርፔዶ ጭነው፣ ታራንቶ ላይ ሦስት የጣሊያን ከባድ የጦር መርከቦችን መቱ። የቀሩት ቦምብና የሚያበራ ርችት ይዘው ነበር፤ ርችቱ ከመርከቦቹ ወዲያ ማዶ ስለተጣለ ቶርፔዶ የያዙት የመርከቦቹን ጥላ አጥርተው ያዩ ነበር። የጠፉት ሁለት አውሮፕላኖች ብቻ ናቸው። ለወደቡ ከሚያስፈልገው 12.8 ኪሎ ሜትር የመከላከያ መረብ የተዘረጋው 4.2 ኪሎ ሜትር ብቻ መሆኑም ረድቷቸዋል።

ጃፓኖች በዓይነት 91 ቶርፔዶ ጭራ ላይ የእንጨት ክንፍ ገጠሙለት። ክንፉ ቶርፔዶውን አየር ላይ ሚዛን ያስይዘዋል፤ ውኃ ሲመታ ተሰብሮ ይቀራል። በጋይሮስኮፕ የሚታዘዙ ትንንሽ ክንፎችም በአየር ላይ እንዳይሽከረከር ያደርጉታል፤ የተሽከረከረ ቶርፔዶ የጥልቀት መሪው ወደ ጎን ስለሚሆን አቅጣጫውን ይስታል። አብራሪዎቹ በካጎሺማ ባሕረ ሰላጤ በጣም ዝቅ ብሎ መልቀቅን ደጋግመው ተለማመዱ። ታኅሣሥ 7 ቀን 1941 ፐርል ሃርበር ላይ ከ40 ቶርፔዶ ጫኝ አውሮፕላኖች የጠፉት 5 ናቸው።

በባሕር ላይ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ፤ ከመርከቧ ፊት መቅደም። የአሜሪካው ማርክ 13 ቶርፔዶ ፍጥነቱ 33.5 ኖት ነው። ከ900 ሜትር ቢለቀቅ ለመድረስ 52 ሰከንድ ይወስድበታል። ዒላማዋ በጎን በኩል በ20 ኖት የምታልፍ ከሆነ 37 ዲግሪ ያህል ቀድሞ ማነጣጠር ያስፈልጋል፤ በ30 ኖት ከሆነ ግን 64 ዲግሪ ገደማ። ጀርባዋን ሰጥታ ብትሸሽ ቶርፔዶው የሚበልጣት በ3.5 ኖት ብቻ ነው፤ አይደርስባትም ማለት ይቻላል። የጃፓኑ ግን 42 ኖት ይሄዳል። ይህ ልዩነት ብቻውን ብዙ ውጊያዎችን ያብራራል።

ካፒቴኑም ዝም ብሎ አይጠብቅም። ቶርፔዶዎቹ ሲለቀቁ አይቶ አፍንጫዋን ወደ እነሱ ያዞራል፤ በሁለቱም ጎኗ ትይዩ ሆነው ያልፋሉ። መልሱ ከግራና ከቀኝ ከፊቷ በኩል እኩል መምጣት ነው። ለአንዱ ቡድን አፍንጫዋን ስትሰጥ ለሌላው ጎኗን ትሰጣለች። ታኅሣሥ 10 ቀን 1941 ከማላያ ወጣ ብሎ ሪፐልስ የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ካፒቴን ቴናንት 19 የጃፓን ቶርፔዶዎችን በመዞር ብቻ አመለጡ። በመጨረሻ ግን ከሁለት ወገን መጡባቸው፤ መርከቧ ወደ አንዱ ተጠምዝዛ ሳለ ከሌላው ተመታች። አብራት ከነበረችው ከፕሪንስ ኦቭ ዌልስ ጋር ሆና፣ በባሕር ላይ እየተጓዙ በአውሮፕላን ብቻ ከሰጠሙ ከባድ የጦር መርከቦች የመጀመሪያዎቹ ሆኑ።

ጥያቄ፦ ቢስማርክ የተባለችውን የጀርመን የጦር መርከብ ያሳደዱት እንግሊዞች በስህተት የራሳቸውን መርከብ ማጥቃታቸው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ግንቦት 26 ቀን 1941 አርክ ሮያል ከተባለችው አውሮፕላን ተሸካሚ የተነሱት ሶርድፊሾች በደመናና በከባድ ባሕር ላይ በራዳር ያገኟት መርከብ የራሳቸው ክሩዘር ሼፊልድ ነበረች። የቶርፔዶዎቹ ማፈንጃ መርከብን በመግነጢስ ኃይሏ እንዲያውቅ የተሠራ ነበር፤ ብዙዎቹ ገና ውኃውን ሲነኩ ፈነዱ፣ የቀሩትን ሼፊልድ ዞር ብላ አመለጠቻቸው። ማንም አልተጎዳም። ከተመለሱ በኋላ ቶርፔዶዎቹ ሲነኩ ብቻ በሚፈነዳ ማፈንጃ ተዘጋጁ፤ አመሻሹ ላይ 15 አውሮፕላኖች ተነስተው አንዱ ቶርፔዶ የቢስማርክን መሪ ቆለፈባት። ያ ስህተት ባይፈጠር ኖሮ ብልሹው ማፈንጃ የሚታወቀው ቢስማርክ ፊት ላይ ነበር።

ጥያቄ፦ ሚድዌይ ላይ ቶርፔዶ ጫኞቹ የተላኩት የጃፓን ተዋጊ አውሮፕላኖችን ወደ ታች እንዲስቡ ሆን ተብሎ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ልክ ነው?

መልስ፦ አይደለም። እቅዱ ፈጽሞ ሌላ ነበር። በሥልጠናው መሠረት ተዋጊዎቹ ሽፋን ይሰጣሉ፤ ተወርዋሪዎቹ ከላይ መትተው አየር መቃወሚያውን ያውካሉ፤ በዚያው ቅጽበት ቶርፔዶዎቹ ከሁለት ወገን ይገባሉ። ሁሉም በደቂቃዎች ውስጥ እኩል መድረስ አለበት። ሰኔ 4 ቀን 1942 የፈረሰው ይህ ነው። ከአውሮፕላን ተሸካሚዋ ኢንተርፕራይዝ የሚነሱት አውሮፕላኖች አነሳስ ስለዘገየ ተወርዋሪዎቹ ሳይጠብቁ እንዲሄዱ ታዘዙ። የሌላዋ ተሸካሚ የሆርኔት ቡድን በያዘው አቅጣጫ ጠላትን አላገኘም፤ የቶርፔዶ ጓዱ መሪ ጆን ዋልድሮን ግን ከቡድኑ ተለይቶ በራሱ መንገድ ሄደና አገኛቸው፣ ያለ ምንም ሽፋን። 15ቱም ዴቫስቴተር የተባሉ ቶርፔዶ ጫኞች ወደቁ፤ ከ30 ሰው የተረፈው አንድ ነው። ቀጥሎ የኢንተርፕራይዝ፣ ከዚያ የዮርክታውን ቶርፔዶ ጓድ መጡ። በጠቅላላው 41 ዴቫስቴተሮች ገብተው የተመለሱት ጥቂት ናቸው፤ አንድም ቶርፔዶ አልመታም።

መስዋዕትነታቸው ከንቱ ነበር ማለት ግን አይደለም። ጃፓኖቹ ከአንድ ሰዓት በላይ ሲጠማዘዙ ስለቆዩ የራሳቸውን ጥቃት አሰናድተው ማስነሳት አልቻሉም። ተዋጊዎቻቸውም ከዮርክታውን ቶርፔዶ ጓድና በጂሚ ታች ከሚመሩት ስድስት አጃቢ ተዋጊዎች ጋር ተጠምደው ነበር። መርከቦቹ ራዳር አልነበራቸውም፤ ከላይ የመጣውን ያዩት ሲወርድባቸው ነው።

ያኔም ቢሆን ስህተት አልጠፋም። ከኢንተርፕራይዝ የመጡት ሁለቱም የተወርዋሪ ጓዶች ካጋ በተባለችው የጃፓን ተሸካሚ ላይ ተረባረቡ፤ ሌላዋ ተሸካሚ አካጊ ሳትነካ ልትቀር ነበር። የአንዱ ጓድ መሪ ዲክ ቤስት ይህን አይቶ ከሁለት ተከታዮቹ ጋር ብቻ ወደ አካጊ ዞረ። የመታት አንድ 454 ኪሎ ግራም ቦምብ ነው፤ ወለሉን በስቶ ነዳጅና ቶርፔዶ የጫኑ አውሮፕላኖች በታጨቁበት መጋዘን ውስጥ ፈነዳ። አንዱ ቦምብ በቃ። ስለ ሚድዌይ ሲጻፍ ይህች የሦስት አውሮፕላን ውሳኔ ከሚገባት በታች ትነገራለች ብለን እናምናለን።

ጥያቄ፦ ቦምብ ውኃ ላይ አንጥሮ መርከብ መምታት ይቻል ነበር?

መልስ፦ ይቻል ነበር፤ ይበልጥ የሠሩበትም ከየብስ የሚነሱ አውሮፕላኖች ናቸው። በ60 ወይም 70 ሜትር ከፍታ በሰዓት ከ320 እስከ 400 ኪሎ ሜትር እየበረሩ ወደ መርከቧ ጎን ይቀርባሉ፤ ቦምቡ ይነጥርና ጎኗን ይመታል፣ ወይም ከጎኗ ስር ሰምጦ ይፈነዳል። ማፈንጃው 4 ወይም 5 ሰከንድ መዘግየት አለበት። ሳይዘገይ ቢፈነዳ የሚበላው ጣዩን ነው። ባሕሩ ሲናወጥ ቦምቡ ከመርከቧ በላይ ዘሎ ያልፋል፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ሳያነጥሩ ከምሰሶ ቁመት በቀጥታ ጎኗ ላይ መወርወርን መረጡ።

መጋቢት 1943 ከኒው ጊኒ አጠገብ በጃፓን መርከቦች ላይ በተደረገው የቢስማርክ ባሕር ውጊያ ጥበቡ በቅደም ተከተሉ ላይ ነበር። መጀመሪያ ቦፋይተር የተባሉ ተዋጊ አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው መጡ። ካፒቴኖቹ ቶርፔዶ መስሏቸው አፍንጫቸውን ወደ እነሱ አዞሩ፤ በዚህም ከአፍንጫ እስከ ኋላ በቁመታቸው ለመድፍና ለመትረየስ ተጋለጡ። ጎኖቻቸው ላይ የነበሩት አየር መቃወሚያዎች ዝም ሲሉ ወደ ፊት የሚተኩሱ 8 ከባድ መትረየሶች የተገጠሙላቸው ቢ-25ዎች ቦምባቸውን ይዘው ገቡ። ስምንቱም የጭነት መርከቦችና ከስምንት ዲስትሮየሮች አራቱ ሰጠሙ።

ጥያቄ፦ ማርክ 13 በ1942 ያን ያህል ደካማ ከነበረ ግዙፏን የጃፓን የጦር መርከብ ያማቶን በ1945 እንዴት አሰጠመ?

መልስ፦ ድካሙ በቁጥር የታወቀው በ1943 አጋማሽ ነው። ከ150 ኖት በላይ እየተበረረ የተለቀቁ 105 ቶርፔዶዎች ሲመረመሩ 36 በመቶው ሞተራቸው አልተነሳም፤ ደህና የሄዱት 31 በመቶ ብቻ ናቸው። መድኃኒቱ የሚያስገርም ተራ ነገር ሆነ። አፍንጫው ላይ ከስስ እንጨት የተሠራ በርሜል መሰል ቀለበት፣ ጭራው ላይ የእንጨት ሳጥን፣ በውኃ ውስጥ ደግሞ በመሪዎቹ ዙሪያ የብረት ቀለበት። የእንጨቱ ቀለበት አየር ላይ ያዘገየዋል፣ እንዳይወላወልም ያደርገዋል፤ ውኃ ሲመታ ምቱን ተቀብሎ ይሰባበራል። ከዚያ በኋላ አቬንጀር የተባለው ቶርፔዶ ጫኝ ከ240 ሜትር ከፍታ በ260 ኖት መልቀቅ ቻለ። ቀደም ያለውን ስሌት የተከታተለ አንባቢ ልብ ይበል፤ ከፍታና ፍጥነት አብረው ሲጨምሩ ማዕዘኑ 27 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ሊሠራ የሚችል ማዕዘን። የጠነከረው ምቱ ነው፤ እሱን ደግሞ እንጨቱ ይቀበላል። አብራሪው ባሕሩን እየታከከ የሚንቀራፈፍበት ጊዜ አጠረ።

ሁለተኛው ለውጥ የት መምታት እንዳለበት ነው። ጥቅምት 24 ቀን 1944 የያማቶ እህት ሙሳሺ ወደ 20 የሚጠጉ ቶርፔዶዎች ቢመቷትም በሁለቱም ጎኖቿ ስለተከፋፈሉ የገባው ውኃ ራሱ ሚዛኗን ጠበቀላት፤ ከጠዋት ጀምሮ ተመትታ የሰጠመችው ማታ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 1945 ያማቶ ስትገኝ አቬንጀሮቹ በግራ ጎኗ ላይ አተኮሩ። ተዋጊዎቹ በመትረየስና በሮኬት ወለሏን ሲጠርጉ፣ ተወርዋሪዎቹ ከላይ ሲወርዱ፣ ቶርፔዶዎቹ ያንኑ ጎን ደጋግመው መቱ። መርከበኞቹ ሚዛን ለማስያዝ በቀኝ በኩል ያሉ የሞተር ክፍሎቻቸውን ሳይቀር በውኃ ሞሉ፤ እሱም ፍጥነቷን ገደለው፣ መዞርም አቃታት።

በመጨረሻ ወደ ግራ በጣም ስታዘነብል በቀኝ በኩል ጥሩር ያልለበሰው ሆዷ ወደ ላይ ወጣ። በ3 ሜትር ጥልቀት እንዲሄድ የተስተካከለ ቶርፔዶ ግን የሚያገኘው ከሆዷ በላይ ያለውን ወፍራም ብረት ነበር። ከዮርክታውን የመጡት ስድስት አቬንጀሮች ዙሪያዋን እየተሽከረከሩ ሳሉ የኋላ ሠራተኞቹ የቶርፔዶዎቹን ጥልቀት በአየር ላይ ወደ 6 ሜትር ገደማ ለወጡት፤ ከዚያ በዚያው በቀኝ በኩል ገቡ። ያማቶ የመጀመሪያው ቦምብ ካረፈባት ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ተገልብጣ ፈነዳች።